የቃር መድኃኒት ማብቂያው መቼ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ቃር ያለበት ሰው ሌሊቱን ያውቀዋል። ጉሮሮው እየተቃጠለ ባንኖ ይነሳል፤ አፉ ይኮመጥጣል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያነጋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ሐኪም ኦሜፕራዞል አዘዘልኝ፤ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ለ8 ሳምንት። ብዙ ሳይቆይ ሰው ሆንኩ። 8 ሳምንቱ አለፈ፤ እኔ ግን መዋጤን ቀጠልኩ። አራት ዓመት! በዚህ ሁሉ ጊዜ «አሁንም ያስፈልግዎታል?» ያለኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ «ኩላሊት ይጎዳል፣ አጥንት ያሳሳል» ሲባል ሰማሁ። ደንግጬ በአንድ ቀን ተውኩት። ቀናት ሳይቆጠሩ ቃሩ ከድሮው ብሶ መጣ። በቃ፣ ያለ መድኃኒት መኖር አልችልም አልኩ።

ነገሩ ሌላ መሆኑን ያስረዳችኝ አንዲት ፋርማሲስት ናት። ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹ፣ እነ ኢሶሜፕራዞልና ፓንቶፕራዞል፣ አሲድ የሚያመነጩትን የጨጓራ ፓምፖች ይዘጋሉ። ሰውነት ደግሞ አሲድ አነሰ ብሎ ጋስትሪን የተባለውን ሆርሞን ይጨምራል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም አሲዱ ከበፊቱ በላይ ይመነጫል። ይህ ሳምንታት ሊቆይ ቢችልም ያልፋል።

«መቼ ነው የሚውጡት?» አለችኝ። ማታ ልተኛ ስል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ለካ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ነው። ፓምፖቹ የሚነቁት ስንበላ ነው፤ መድኃኒቱም የሚይዘው የነቃውን ፓምፕ ነው። አራት ዓመት ያለ ሰዓቱ ስውጥ ኖሬያለሁ!

ወደ ሐኪሜ ተመለስኩ። መጀመሪያ በየሁለት ቀኑ፣ ቀጥሎ ሲያስፈልግ ብቻ እንድወስድ ተስማማን። ለሌሊቱ ፋሞቲዲን የሚባል ሌላ አሲድ ቀናሽ መድኃኒት አለ። እሱን ግን በየቀኑ ከወሰዱት ሰውነት ይለምደውና ጉልበቱ ይደክማል። ከምግብ በኋላ ለሚመጣው ቃር አልጂኔት ያለበት ሽሮፕ ጥሩ ነው፤ ጨጓራ ውስጥ ካለው ምግብ ላይ ተንሳፍፎ አሲዱን ወደ ላይ እንዳይመለስ ያግደዋል። ራኒቲዲን የተባለው የድሮ የቃር መድኃኒት ቤቱ ያለው ሰው ግን ባይነካው ይሻላል። ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ብክለት ስለተገኘበት እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ከገበያ እንዲወጣ አድርጋለች።

አደራ፣ ይህን አንብቦ መድኃኒቱን የሚጥል እንዳይኖር። የምግብ ቧንቧው ክፉኛ የቆሰለ፣ ባሬት የሚባለው የቧንቧው ሽፋን ለውጥ የታየበት፣ ወይም አስፒሪን እየወሰደ የመድማት ስጋት ያለበት ሰው ለዓመታት ሊያስፈልገው ይችላል። መዋጥ ያቃተው፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ሰገራው የጠቆረ ደግሞ ዛሬውኑ ይታይ።

እናንተንም የምለምነው አለኝ። ስለ ጉዳቱ ስትጽፉ ሙሉውን ጻፉልን። ማግኒዚየምና ቫይታሚን ቢ12 ሊያንስ ይችላል፤ ለዚህ የደም ምርመራ አለ። የአጥንቱ ወሬ ግን በአብዛኛው ሰዎችን በመከታተል ብቻ ከተሠሩ ጥናቶች የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ በ3 ዓመት ገደማ ውስጥ ፓንቶፕራዞል በወሰዱት ላይ ጎልቶ የታየው የአንጀት ኢንፌክሽን በመጠኑ መብዛቱ ነው። ይህን ያኔ ባነብ ኖሮ በድንጋጤ አልተወውም ነበር።

አንባቢያችሁ