ይድረስ ለጤና ሚኒስትር፦ ሲስተሞቹ እንዲናበቡ ያስገድዱልን

ክቡር ሚኒስትር፣

ሥራዬ የሕክምና መረጃ ማደራጀት ነው። ውሎዬ ከሐኪሞች፣ ከነርሶችና ከኮምፒውተሮቻቸው ጋር ነው። የምጽፍልዎ መሥሪያ ቤትዎ ብቻ ሊፈታው ስለሚችል አንድ ችግር ነው፤ የጤና ተቋማት የኮምፒውተር ሲስተሞች አንዱ የያዘውን መረጃ ሌላው ማንበብ አለመቻሉ።

አንዲት የክትባት ክፍል ነርስ ምን እንደምትሠራ ልንገርዎ። ሕፃኑን ከትባ በትልቁ መዝገብ ላይ ትጽፋለች። እናቱ በያዘችው ካርድ ላይም ትጽፋለች። ቀጥላ አንድ ፕሮጀክት የሰጣትን ታብሌት ትሞላለች። ሌላ ፕሮጀክትም የራሱን ታብሌት ሰጥቷታል፤ ያንኑ ስም፣ ያንኑ የልደት ቀን፣ ያንኑ ክትባት እዚያም ትደግማለች። ወር ሲያልቅ ሁሉንም ቆጥራ ሪፖርት ትልካለች። ቁጥሩ ካልገጠመ የምትጠየቀው እሷው ናት። ይህ ሁሉ ሲሆን እናቶች በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

ታብሌቶቹ ለየብቻቸው ሲታዩ ምንም እንከን አይወጣላቸውም። የሠሯቸው ሰዎችም ለፍተዋል። ግን እርስ በርስ እንዲናበቡ ያዘዘ የለም። ሻጩ በራሱ ፍላጎት አያደርገውም፤ ደንበኛው ከእሱ ጋር ተቆራኝቶ ቢቀር ይጠቀማልና። ለጋሹም የሚያየው የራሱን ሪፖርት ነው። ታዲያ ከእርስዎ ሌላ ማን ይዘዝ?

የዑጋንዳ ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 አዳዲስ የዲጂታል ጤና ሙከራዎችን ለጊዜው አስቁሞ ነበር። ሙከራው በዝቶ፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ ሁሉም በየፊናው ሲሮጥ ስላየ ነው። ፈጠራን ያቀጭጫል ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ፈጠራ የሚቀጭጨው የፕሮጀክቱ ገንዘብ አልቆ ታብሌቱ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ነው።

መንግሥት ሁሉን እኔው ልሥራ ሲልም አይሆንም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2002 የሆስፒታሎቿን ኮምፒውተር ከላይ ወደ ታች ለመዘርጋት ግዙፍ ፕሮግራም ጀመረች። ወጪው ወደ 10 ቢሊዮን ፓውንድ ተገምቶ ነበር። ሐኪሞች በቅጡ ሳይጠየቁ የተመረጠላቸውን እንዲቀበሉ ተደረገ። በ2011 መንግሥት ፕሮግራሙን አፈረሰው።

አሜሪካ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ሕግ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ለሚጠቀሙ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ገንዘብ ከፈለች። በ2008 መሠረታዊ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ የነበራቸው ሆስፒታሎች ከ10 በመቶ በታች ነበሩ፤ በ2015 ከ80 በመቶ በላይ ሆኑ። ፍጥነቱ ያስደንቃል። ነገር ግን ክፍያው በዋናነት ያበረታታው ሲስተም መትከልን ነበር፤ መረጃ መለዋወጡ ወደ ኋላ ቀረ። መረጃን ሆን ብሎ ማገት የሚከለክል ሕግ የመጣው በ2016 ነው፤ ያኔ ሆስፒታሎቹ በየሻጩ ታስረው ነበር። እኛ ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ እንችላለን። መናበቡ ይቅደም፣ ክፍያው ይከተል።

መናበብ ስል ፋይል መላክ ብቻ ማለቴ አይደለም። አንድ ታካሚ ፔኒሲሊን አይስማማውም እንበል። ሐኪሙ ይህን በማስታወሻ ቦታው ላይ እንደፈለገ ጻፈው። ታካሚው ሪፈር ተብሎ ሌላ ሆስፒታል ገባ። ማስታወሻው አብሮት ቢደርስ እንኳ፣ እዚያ ያለው ኮምፒውተር እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የሚያየው። ተረኛው ሐኪም የፔኒሲሊን ዘር የሆነውን አሞክሲሲሊን ሲያዝ ምንም አያስጠነቅቅም። አለርጂው በታወቀ ኮድ፣ በተወሰነለት ቦታ ቢመዘገብ ግን ማስጠንቀቂያው ወዲያው ብቅ ይል ነበር። ኮዱ አለ። ኤፍ ኤች አይ አር የሚባለው ዓለም አቀፍ የመለዋወጫ ስታንዳርድም አለ፤ ማንም በነፃ ይጠቀምበታል። የጎደለው ይህን ግዴታ የሚያደርግ ፊርማ ነው።

ስለ ምስጢር ጉዳይም አደራ። ኢስቶኒያ ውስጥ ታካሚ ኢንተርኔት ገብቶ መዝገቡን ማን እንደከፈተው ያያል። እኛም ይህ መብት ይገባናል። መረጃው ሲያያዝ አደጋውም አብሮ ይሰፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የአየርላንድ ጤና አገልግሎት በሳይበር ጥቃት ሲመታ ሆስፒታሎቹ ወደ ወረቀት ተመልሰዋል። ስለዚህ «ሲስተም የለም» በሚባልበት ቀን ሕክምና እንዴት እንደሚቀጥል ከወዲሁ ይታዘዝ።

የምጠይቅዎት ብዙ በጀት የሚፈልግ ነገር አይደለም። የሚቀጥለው የሶፍትዌር ግዢ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ውሉ ላይ ጥቂት አንቀጾች ይግቡ። በስታንዳርዱ የማይናበብ ሲስተም አይገዛ፤ ለጋሽ በነፃ ቢሰጠውም እንኳ። ውሉ ሲያልቅ ሻጩ መረጃውን ሙሉ በሙሉ፣ ሌላ ሲስተም ሊያነበው በሚችል መልክ ያስረክብ። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ሲስተሙ በሥራ በተጨናነቀ ክፍል፣ በነርሶች እጅ ተፈትኖ ሲያልፍ ይሁን። ኔትወርክ ሲጠፋም ይፈተን። የግዢ ኮሚቴው ውስጥም አንዲት የክትባት ክፍል ነርስ ትቀመጥ፤ ድምፅዋም ከሌሎቹ እኩል ይቆጠር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጤና መረጃ ባለሙያ