ስለ ድሪቶና ስለ ጓዳ ሙያ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ድሪቶ የሚለው ቃል የድህነት መጠሪያ ሆኖ በመቅረቱ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ አገጣጥሞ መስፋት ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑ ተዘንግቷል ብዬ አምናለሁ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ጎንደራችን ለክረምቱ ሌሊት የሚሆን የአልጋ ልብስ ከልብስ ሰፊዎች ትራፊ መሥራት ከጀመርሁ ወዲህ፣ ሥራው ሦስት ድርብ እንዳለው ተረድቻለሁ፤ ከላይ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ ከመካከል ባዘቶ፣ ከሥር ገበር። ሦስቱ ጠበቅ ጠበቅ ባለ ስፌት ካልተያያዙ ባዘቶው ሲታጠብ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል፤ የመጀመሪያ ሥራዬም የተበላሸው በዚሁ ነው (ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል)። ጥጥ ባዝተውና ፈትለው ለአራት ድርብ ጋቢ ያበቁ እናቶቻችን ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ ነገር ግን ጠይቆ የሚጽፍላቸው አላገኙም።

እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበው ፋሲል ግቢ ብዙ ይጻፋል፤ ይገባዋልም። ከግቢው አጥር ውጭ በየቤቱ ስላለው የስፌትና የጓዳ ውሎም በየሳምንቱ ግማሽ ዓምድ እንድትፈቅዱ እየጠየቅሁ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከነስህተቴ ለመላክ ዝግጁ መሆኔን እገልጻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢ፣ ከጎንደር