ለእማዬ ክፍል የሚሆን ቴሌቪዥን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣
ሀዋሳ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው «ባሕር መሐል ዲሹን ወዴት አዙረው ነው የሚያዩት?» ስትለኝ ኔትወርክ አቋረጠን። ዲሽ መግጠም ሥራህ ስለሆነ፣ የምሠራበትን የመንገደኞች መርከብ ቴክኒሻን ጠይቄልሃለሁ።

መርከቡ አናት ላይ ሮቶ የሚመስሉ ነጫጭ ሽፋኖች አሉ፤ ዲሾቹ እነሱ ውስጥ ናቸው። አንተ ዲሹን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ሳተላይት አዙረህ ሲግናል ሲመጣልህ ቡሎኑን አጥብቀህ ትወርዳለህ። እዚህ ግን ቤቱ ራሱ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይወዛወዛል። ስለዚህ ዲሹ ሞተር ላይ ተቀምጦ፣ መርከቡ ባዘነበለ ቁጥር እየተስተካከለ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለውን ሳተላይት ሲከተል ይውላል። ኖርዌይ ስንሄድ ግን ያስቸግራል። ወደ ሰሜን በተጠጋን ቁጥር ሳተላይቱ ወደ አድማሱ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ጠባቡ የባሕር ሸለቆ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ታቦርን የሚያስንቅ ተራራ ይጋርደዋል። ያኔ ዜናውም ኳሱም ድርግም ይላል። ፊልሞቹ ግን መርከቡ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ስለተጫኑ አይቋረጡም።

የቻናሎቹም ምርጫ ብዙም የሚያስቀና አይደለም። ዜናው አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ፊልሞቹ አንዳንዶቹ በነፃ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ሂሳብ ላይ ይደመራሉ። ብዙ ክፍል ውስጥ የቴሌቪዥኑ መሰኪያ ስለተዘጋ የራስን ፍላሽ ሰክቶ ማየት አይቻልም፤ የሚያውቁት እንግዶች ፊልማቸውን ከቤታቸው ስልካቸው ላይ ጭነው ይመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን የአደጋ ጊዜ መመሪያው ይታያል፦ ሕይወት አድን ጃኬቱ እንዴት እንደሚታሰር፣ ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ጥሩምባ ሲሰማ ወዴት እንደሚኬድ። እሱን ሳያይ ወደ ፊልም የሚያልፍ ሰው ሳይ ያናድደኛል።

ልጽፍልህ የፈለግኩት ግን ስለ አንድ ቻናል ነው። ካፒቴኑ ካለበት አካባቢ ወደ ፊት የተተከለ ካሜራ አለ፤ ያየውን በሙሉ ቀጥታ ወደየክፍሉ ያስተላልፋል። ሙዚቃ የለው፣ ወሬ የለው፣ ባሕርና ሰማይ ብቻ። ከማጸዳቸው ክፍሎች በአንዱ፣ መስኮት በሌለው፣ እንደ እማዬ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት አሉ። እሳቸው ሌላ ቻናል አይከፍቱም። የቁስል ፕላስተር ቆርጠው ሪሞቱ ላይ፣ የዚያ ቻናል ቁጥር ያለበት ቦታ ላይ ለጥፈዋል፤ መነጽር ሳይፈልጉ በጣታቸው ዳብሰው ያገኙታል። ጠዋት ፎጣ ልቀይር ስገባ «ዛሬ ጭጋግ ነው» «አሁን አንዲት የዓሣ ጀልባ አለፈች» ይሉኛል። እኔ ታች ነው የማድረው፤ ውጪውን ሳላይ ሥራ ስለምጀምር የቀኑን አየር የምሰማው አልጋ ላይ ከዋሉት ከእሳቸው ነው። ነገሩን ቀደም ብለው ያሰቡበትም አሉ፤ በፈረንጆቹ 2011 ሥራ የጀመረው ዲዝኒ ድሪም የሚባል መርከብ መስኮት በሌላቸው ክፍሎቹ ግድግዳ ላይ ክብ ስክሪን አድርጎ የውጪውን ካሜራ ያሳያል።

እሳቸውን ባየሁ ቁጥር እማዬ ትታወሰኛለች። ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነው፤ እሷ ጓዳ ተኝታ ድምፁን ብቻ ትሰማለች። በር ሲንኳኳ እንኳ ማን እንደመጣ አታውቅም። መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ በስም ጠርታ ሰላም የምትል ሴት እንዲህ መቅረት የለባትም።

ስለዚህ በምልከው ብር ለሷ ክፍል ቴሌቪዥን ግዛ፤ ትልቅ አይሁን፣ ተኝታ እንድታየው ዝቅ አድርገህ ስቀለው። ሪሲቨሩ የራሷ ይሁን፣ ልጆቹ ካርቱን እንዳይቀይሩባት። ለሱቆች የምትገጥመውን ዓይነት ካሜራም የግቢው በር ላይ አድርገህ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝላት። ወደ መንገዱ ብቻ ይዙር፤ የጎረቤት ግቢ እንዳይገባበት አደራ፣ ሰው ቅር ይለዋል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ታያለች፤ በገብርኤል ነጠላ ለብሶ የሚያልፈውን ምዕመን ታያለች። ሪሞቱ ላይ ፕላስተር መለጠፍህን እንዳትረሳ።

ታኅሣሥ 19 ሳይደርስ ቢያልቅ ደስ ይለኛል። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ስንት እንደሚፈጅ ጠይቀህ ንገረኝ፤ እሱንም እጨምራለሁ። ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

የምትወድህ እህትህ