የስኳር ክትትል ካርድ ላይ የዓይን ቀጠሮም ይጻፍ

ለአዘጋጁ፣

ስለ ስኳር በሽታና ደም መርጋት ያወጣችሁት ጽሑፍ ስለ ልብና አንጎል በደንብ አስረድቷል። ዓይንን ግን ዘሎታል።

ስኳር በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ፣ ደም የሚያረጉ እንደ ፋይብሪኖጅን ያሉ ፕሮቲኖች ከፍ ሊሉ ይችላሉ። በሬቲና፣ ማለትም ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ያሉት ጥቃቅን ደም ስሮች ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ግድግዳቸው ይጎዳል፣ ያፈስሳል፤ አንዳንዶቹም ይደፈናሉ። ኦክስጅን ያጠረው ሬቲና አዳዲስ ደም ስሮች ያበቅላል። እነሱ ግን ስስ ስለሆኑ በቀላሉ ይደማሉ። የዘጌዋ አክስቴ ቡና ስትለቅም «ዓይኔ ላይ ጥላሸት ይዘንባል» ያለችው ያኔ ነው። እስከዚያች ጠዋት ምንም አላመማትም። መርፌ ላይ ክር የምታስገባው እንኳ ራሷ ነበረች።

አንዳንዶች «አስፒሪን ደም ያቀጥናል፣ ዓይንም ያድናል» ይላሉ። ሐኪም ለልብ ሊያዘው ይችላል። የሬቲናን ጉዳት ግን እንደማያስቆም በጥናት ታይቷል። የሚያዋጣው ስኳርንና ግፊትን መቆጣጠር፣ ሳይመሽ መመርመር፣ ካስፈለገም ሌዘር ወይም የዓይን መርፌ ነው። ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው ገና በሽታው እንደታወቀ ዓይኑን መታየት አለበት።

ስለዚህ በባሕር ዳር የስኳር ክትትል በሚሰጥበት ሁሉ ካርዱ ላይ የዓይን ምርመራ ቀን ይጻፍ። ከዘጌና ከደቅ በጀልባ ለሚመጡት ሁለቱ ቀጠሮዎች በአንድ ቀን ይሁኑ። ለምርመራው ዓይን ውስጥ የሚጨመረው ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ለሰዓታት እይታ ስለሚያደበዝዝም፣ አጃቢ ይዘው እንዲመጡ አስቀድሞ ይነገራቸው።

አንባቢ፣ ከባሕር ዳር