ከቁልፉ በፊት ሦስት ቀን

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል

በደቡብ ወሎ ገጠር ቀበሌዎች እየተዘዋወርኩ የምሠራ የጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ያለ ሞተር አይሆንም። ሰሞኑን የጀማሪ ሞተረኞች የደህንነት ሥልጠና ወስጄ ጨረስኩ። ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው የምጽፍላችሁ።

ሞተር የተሰጠኝ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። መንጃ ፈቃድ ነበረኝ። ልምምዴ ግን ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር ከመዞር አላለፈም። መሥሪያ ቤቱ ቁልፉንና የርክክብ ወረቀቱን አቀረበልኝ፤ ፈረምኩ፤ በቃ። በሳምንቱ ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን ጨምድጄ ያዝኩና ወደቅኩ። የጋለው የጭስ ማውጫ ባቴ ላይ አረፈ። ጠባሳው አሁንም አለ።

በሥልጠናው የመጀመሪያ ጠዋት ሞተር የሚባል አላስነሳንም። አንዳችን እንቀመጣለን፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል። ሚዛን መጠበቅን የተማርነው እንዲህ ነው። ከዚያ ፍሪሲዮን መጣ፤ የሞተሩን ኃይል ከጎማው የሚያገናኘውና የሚለየው የግራ እጅ መያዣ ማለት ነው። ቀስ ብለው ሲለቁት መያዝ የሚጀምርበት አንድ ቦታ አለ። ያን ቦታ ጣታችን እስኪያውቀው ድረስ ደጋገምነው። እኔ ሞተሩ እየጠፋብኝ ባፍር አሠልጣኙ፣ «አብሽሪ እህቴ፣ እዚህ ሃምሳ ጊዜ ይጥፋ፤ ዳገት ላይ ከሚጠፋብሽ ይሻላል» አሉኝ።

የፍሬኑ ትምህርት ግን ከሁሉም በለጠብኝ። ብዙዎቻችን የፊት ፍሬን ይገለብጣል ብለን እንፈራለን፤ የኋላውን ብቻ እየረገጥን እንሄዳለን። እኔም ከወደቅኩ ወዲህ የፊቱን ነክቼው አላውቅም ነበር። ለካስ ሞተር ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ ስለዚህ ትልቁን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። የጣለኝ ፍሬኑ አልነበረም፤ ጠጠር ላይ በድንገት መጨምደዴ ነው። ላም ሲታለብ ጡቷ እንደሚያዝ፣ ሳይነጥቁ እያጠበቁ መያዝ ነው እንጂ፤ ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ። ድንጋይ ምልክት አድርገን የቆምንበትን ቦታ በእርምጃ ለካን። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን በእግሬ ቆጥሬ አየሁት።

ሌላም አለ። መንገድ ላይ ድንጋይ አይተው ዓይናቸውን ከተከሉበት ሞተሩ ወደ ድንጋዩ ይሄዳል። ዓይን በጎኑ ያለውን ክፍት ቦታ ማየት አለበት። ይህን ባውቅ ኖሮ ስንቱን ጉድጓድ ባመለጥኩ!

አንድ ቅሬታ አለኝ። ሥልጠናው በሙሉ ሜዳ ላይ ነበር። እኛ ግን የምንኖረው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚህች ርቀት ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። የዚህን መንገድ ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ በክረምት፣ በጉም፣ አስፋልቱ ረጥቦ የወረደ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው እዚያ ላይ ፎሌ አድርገው፣ ማለትም ማርሽ አውጥተው፣ የሚወርዱ ልጆች አያለሁ። ልቤ ይርዳል። ማርሽ ካልያዘው ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ እንደልብ አይይዝም። የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። ለሞተርም ያው ነው። ቢያንስ ግማሽ ቀን ቁልቁለት ላይ ማሠልጠን የግድ ነው።

ስለ ሄልሜት በሙያዬም መናገር አለብኝ። የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ፣ ሞትን በ42 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። እኛ ጋ ግን ሄልሜት ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው፤ ትራፊክ ሲታይ ጭንቅላት ላይ ይወጣል፤ ማሰሪያው ሳይቆለፍ። ማሰሪያው ካልተቆለፈ ሲወድቁ ከሰውዬው ቀድሞ ይበራል። ትራፊኮቻችን ሄልሜት መኖሩን ብቻ ሳይሆን አገጭ ሥር መቆለፉንም ቢያዩልን።

እህቶቼ ደግሞ ነጠላችሁን አደራ። ወደ ጎን ተቀምጣችሁ ጫፉን ከኋላ ስትለቁት ከጎማው ሽቦ አንድ ጋት ነው የሚቀረው። ከያዘ አንገት ይዞ ነው የሚጎትተው። ከመነሳታችሁ በፊት ጠቅልላችሁ ጉያችሁ ውስጥ አስገቡት። ጅልባብ የለበሳችሁም እንዲሁ።

ሞተር የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለሞተሩ መግዣ፣ ለቤንዚኑ፣ ለጥገናው በጀት ይያዛል። ለሚነዳው ሰው ሦስት ቀንም ይያዝለት። ከእኔ ጋር የምትሠራ አዲስ ተቀጣሪ ልጅ በሐምሌ ሞተር ትረከባለች። የምትሄድበት ቀበሌ መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ በክረምት ደግሞ ጭቃ። የርክክቡን ወረቀት ከማስፈረማችሁ በፊት እባካችሁ ሜዳ ላይ አውጧት፤ ከዚያም ቁልቁለት ላይ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የጤና ባለሙያ፣ ከደሴ