አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሰሌ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከአንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። አትሳቅ። ድሮ ደብዳቤያችን እንዲህ ብሎ ነበር የሚጀምረው፣ አራት ገጽ ሙሉ። ከዚያ ሁለት መስመር የስልክ መልእክት ሆነ። ከዚያ አንዲት አውራ ጣት። ከዚያ እሷም ቀረች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰበብ አልደረድርም።

ሰሞኑን የብራዚል ዘፈን ይዞኛል። የሳበኝ ዜማው ነበር። ግጥሙን ይዤ ሳዳምጥ ግን የተጻፈው ሌላ፣ የሚሰማው ሌላ! ወረቀቱ «ኢስታ» ሲል ዘፋኙ «ታ» ብሎ ያልፋል። «ፓራ»ም «ፕራ» ትሆናለች።

በጣም የገረመችኝ በቋንቋቸው፣ በፖርቱጋልኛ፣ «አንተ» የሚሉባት ቃል ናት። ጥንት «ቮሳ መርሴ» ነበረች፤ «ምሕረትዎ» እንደማለት፣ ለትልቅ ሰው የምትባል፣ አናባቢ የሌለውን ፊደል ሳንቆጥር አራት ቀለም። ሰው አፍ ላይ ስትንከባለል «ቮስመሴ» ሆነች፣ ሦስት። ቀጥሎ «ቮሴ»፣ ሁለት። ዛሬ «ሴ»፣ አንድ። አንቱታው መንገድ ላይ ቀርቶ ጓደኛም ፍቅረኛም ይጠራባታል። ዘፋኙ ካኤታኖ ቬሎዞ በፈረንጆቹ 2006 ያወጣውን አልበም በዚችው ቀለም «ሴ» ብሎ ሰየመው። ለገጣሚ እንዴት እንደምትመች አስበው፦ ቤቱ ሲጠብበት «ሴ»፣ ሲሰፋበት «ቮሴ»። እኛስ ከ«የምትሄደው» ላይ «የ»ን እየዋጥን ስንቱን ስንኝ አድነናል?

አንተን ያስታወሰኝ ግን ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 1973፣ ብራዚል በወታደሮች እጅ ሳለች፣ ሺኮ ቡአርኬና ዢልቤርቶ ዢል «ካሊሲ» የሚል ዘፈን ጻፉ። ጽዋ ማለት ነው። አባት ሆይ፣ ይህን ጽዋ ከእኔ አርቅ ይላል፤ የጌቴሴማኒው ጸሎት። ታዲያ በቋንቋቸው «ዝም በል» የሚለውም ሲጻፍ ነው እንጂ የሚለየው፣ ሲነገር ያው «ካሊሲ» ነው። ብራዚሎች ላላ ብሎ የሚነገረውን «ኤ» ወደ «ኢ» ያሳሱታላ! ሰሙ ጽዋ፣ ወርቁ ዝም በል። ሳንሱሩም ጆሮ ነበረውና ከለከለ። ሳኦ ፓውሎ መድረክ ላይ ሊያንጎራጉሩት ሲሞክሩ ማይክሮፎኑ ተዘጋባቸው። በሸክላ የወጣው በ1978 ነው።

እኔ ኅብር ነው፣ አንዱ ቃል ሰምም ወርቅም የሚሆንበት፣ ብያለሁ። ቅኔ ቤት የገባኸው ግን አንተ ነህና ፍረድ። አውራ ጣት አልቀበልም፤ ቢያንስ አንድ ገጽ።