የደም ስር ጥበት ብቻውን አይደለም

ለአዘጋጁ፣

ሰላም ናችሁ? ህንዶች ሃርት አታክ የሚበዛባቸው የልብ ደም ስራቸው በተፈጥሮ ቀጭን ስለሆነ ነው ያላችሁት ነገር አልተዋጠልኝም። አንጂዮግራፊ (የደም ስር ራጅ) ላይ ሲለካ ከነጮቹ ይጠባል፣ እሺ፣ ግን ብዙ ጥናቶች ቁመትና ክብደቱን አስልተው ሲያስተካክሉት ልዩነቱ በአብዛኛው ይጠፋል፣ አነስ ያለ ሰው አነስ ያለ ደም ስር ቢኖረው ምን ይገርማል? ቀጭንነቱ ስቴንት (የጠበበ ደም ስር የሚከፍት ትንሽ ቱቦ) ለሚያስገባው ሀኪም ያስቸግራል፣ እሱስ ልክ ነው። ደም ስሩን የሚደፍነው ግን ስኳሩ፣ ቦርጩ፣ ኮሌስትሮሉና ሲጋራው ነው። ቺማኔ የሚባሉት የቦሊቪያ ነባር ህዝቦችም እኮ አጫጭር ናቸው፣ ግን በ2017 ላንሴት በተባለው የህክምና መጽሔት ላይ በወጣው ጥናት ሲቲ ስካን ከተነሱት 705 አዋቂዎች 85 ከመቶው ልብ ደም ስራቸው ላይ የመደፈን ምልክት የሆነው ካልሲየም ምንም አልተገኘም፣ እያደኑና እያረሱ ነዋ የሚውሉት! እስቲ ቀጥሎ ስለ ስኳር ምርመራ ጻፉልን።